የሳል ልምምድ

የሳል ልምምዱ የተጀመረው ገና ቁርስ ሳይቀርብ ነበር። እናትየው ሳሎኑ መሃል ቆማ፣ ፎጣዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ፣ እንደ ሙዚቃ አስተማሪ እጇን እያወናጨፈች ተራ ታስይዛለች። «አንተ ትጀምራለህ» አለች ወደ ወንድሟ እየጠቆመች። «ከዚያ ልጄ ይቀበልሃል። እኔ ደግሞ ሻዩን ሳስቀምጥ እጨርሳለሁ። አደራ፣ ሦስታችንም ባንዴ እንዳንስል፤ የተመካከርን ያስመስላል።» ወንድሟ፣ የልጆቹ አጎት ማለት ነው፣ ጉሮሮውን ጠራርጎ አንዴ ቢስል የመስኮቱ መስታወት ተንገጫገጨ። «መኪና አስነሳ አልተባልክም እኮ! የሰው ሳል ሳል!» ብላ ጮኸችበት። ቤተሰቡ ከወዲሁ ሙሽራው እያለ የሚጠራው ልጇ ሳቁን ለማፈን ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። የታፈነው ሳቅ በአፍንጫው በኩል እንደ ሳል ሆኖ ወጣ፤ እናትየውም «እንደሱ! ልክ እንደሱ!» ብላ አመሰገነችው።

የዚህ ሁሉ ጣጣ መነሻ ሶፋው ነው። የሞተው አባታቸው በብዙ ጉጉት የገዛው ባለ ሦስት መቀመጫ አረንጓዴ ሶፋ ሲሆን፣ ከመደብሩ ሲወጣ ለብሶት የነበረውን ላስቲክ እስከ ዛሬ አላወለቀም። በሙቀት ቀን የተቀመጠበት ሰው የሚነሣው እየተላጠ ነው። ግራና ቀኙ ጤነኛ ነው። መሃለኛው መቀመጫ ግን ሰው ሲያርፍበት ድምፅ ያወጣል፤ የምን ድምፅ እንደሚመስል መናገር ነውር ነው፤ ሰው በሰው ፊት ቢያወጣው ሰፈር ለቆ የሚሄድበት ዓይነት ነው። የጀመረው አጎትየው የእግር ኳስ ጨዋታ እያየ ከደስታው ብዛት ዘሎ የተቀመጠበት ዕለት ነው ይባላል፤ እሱ ግን «ከፋብሪካ ሲወጣም እንዲሁ ነበር» ብሎ ሽምጥጥ አድርጎ ይክዳል። እናትየው «የአባታችሁን ሶፋ ባዕድ እጅ አይከፍተውም» ስላለች ባለሙያ መጥራት ቀረ። የተገኘው መላ አንድ ብቻ ሆነ፤ እንግዳ ወደ መሃሉ ጎንበስ ሲል ማሳል። ማንም መመሪያ አላወጣም። አንዱ ሳለ፣ ሌላው ተከተለ፣ ልማድ ሆኖ ቀረ። ዛሬ ከሰዓት በኋላ ታዲያ የሙሽራው እጮኛ ወላጆቿን ይዛ ቤቱን ልታሳይ ትመጣለች። እናቷ ነርስ ናቸው፤ አባቷ ደግሞ ግዙፍ ሰው ናቸው አሉ። እንዲህ ያለ ሰው ዳር አይቀመጥም።

በልምምዱ ድርሻ ያላገኘችው የሙሽራው ታላቅ እህት ብቻ ነበረች። ሳሏ የውሸት መሆኑ ያስታውቃል ተብሎ «አንቺ ዝም በይ፤ ዝም ማለት ያምርብሻል» ስትባል ዳቦ ወደ መቁረጡ ተመለሰች። ቤት ውስጥ ባለባጇ ነው የምትባለው። ኢንሹራንስ ቢሮ ተቀጥራ፣ ፎቶዋ ያለበትን ባጅ በሰማያዊ ጥብጣብ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ የመጣች ዕለት እናትየው ባጁን አገላብጣ ስማዋለች። ከዚያ ወዲህ ሱቅ ስትላክ እንኳ «ባጅሽን አድርጊ፤ ሰው ይወቅ» ትባላለች። ቀኑን ሙሉ የተጋጩ መኪኖችን የሰሌዳ ቁጥር ኮምፒውተር ውስጥ ስታስገባ ትውላለች። ሥራውን ትወጂዋለሽ ወይ ብሎ የጠየቃት ሰው የለም፤ እሷም ራሷን ላለመጠየቅ ስትጠነቀቅ ዕድሜዋ ሠላሳዎቹን አጋምሷል። ዳቦውን እየቆረጠች ግን አንድ ነገር ታውቅ ነበር። መሃለኛው መቀመጫ ውስጥ አንድ የሽቦ ሞላ ከእስሩ ወጥቶ ከእንጨቱ ጋር እየተፋተገ ነው። አይታው አይደለም፤ ድምፁን ሰምታ ነው።

ምሳ ሰዓቷን የት እንደምታሳልፍ ማንም አያውቅም። ከቢሮዋ ጀርባ ባለችው ጠባብ መንገድ፣ ከጎማ ጠጋኙ ቀጥሎ፣ አንድ ሶፋ የሚሠራበት ቤት አለ። አንድ ቀን ዝናብ አባሯት ገባች፤ ዝናቡ አባራ፣ እሷ አልወጣችም። መጀመሪያ ቆማ አየች፤ በሌላው ቀን «እስቲ ይቺን ሲባጎ ያዥልኝ» ተባለች፤ ከዚያ ሞላ ማሰር፣ ጨርቅ መወጠር፣ ስፖንጅ መቁረጥ እያለች ሥራው ውስጥ ጥልቅ ብላ ገባች። ሶፋ ሠሪው ትንንሾቹን ሚስማሮች አፉ ውስጥ ይጨምርና አንድ በአንድ በምላሱ ወደ ከንፈሩ እየገፋ ያወጣቸዋል። «አንዱ እጅሽ ይወጥራል፣ አንዱ እጅሽ ይመታል፤ ሚስማሩን ማን ይያዝልሽ? ያለው አፍሽ ነው» ብሎ አስተማራት። ለመጀመሪያ ጊዜ ሚስማር በአፏ ይዛ መዶሻ ያነሣች ዕለት ቢሮ የተመለሰችው እየሳቀች ነው፤ ሰሌዳ ቁጥሩን ሁሉ ስታስገባ እየሳቀች ነበር፤ ጓደኞቿ ፍቅር ይዟታል ብለው አሟት። አልተሳሳቱም።

ትናንት ሶፋ ሠሪው መዶሻውን አስቀመጠና፣ «ስሚኝ» አላት። «አብሮኝ የሚሠራው ሰው ሌላ ከተማ ሄዷል፤ እኔ ደግሞ የአንድ ሆቴል ወንበሮችን ተቀብያለሁ። ሰኞ ጠዋት ከመጣሽ ቦታው ያንቺ ነው፤ ካልመጣሽ ሌላ ሰው ማስገባቴ ነው።» ብቻዋን ከፍታ የዘጋችው ሶፋ እንደሌለ ነገረችው። «እጅሽስ ያውቃል፤ ያስቸገረን ፍርሃትሽ ነው። ሰኞ ከመድረሱ በፊት አንድ ነገር ለብቻሽ ክፈቺና ዝጊ። ከዘጋሽው ነይ፤ ካልዘጋሽውም የከፈትሽበትን ሰው ምን እንደምትዪው አስቢበት» ብሎ እየሳቀ ወደ ሥራው ተመለሰ። ቤቷ ገብታ መስታወት ፊት ቆመችና «እማዬ፣ ቢሮውን ልተወው ነው» ማለትን ሞከረች። «እማዬ» ላይ ድምፁ ጠፋባት።

ከቁርስ በኋላ ቤቱ ባዶ ሆነ። ሙሽራው ከልብስ ሰፊው ሱፉን ሊያመጣ፣ እናትየው ፀጉሯን ልትሠራና ኬክ ልትገዛ፣ አጎትየው ደግሞ ኬኩን ሊሸከም ወጡ። «ሶፋውን በደረቅ ጨርቅ ጥረጊው፤ እንዳትቀመጪበት!» የሚለው ትእዛዝ ከደረጃው ላይ ሳይቀር ይሰማ ነበር። ባለባጇ ጠረገች። ከዚያ የተባለችውን ትታ መሃሉ ላይ ተቀመጠች። ሶፋው የለመደውን አለ። ብቻዋን ሳቋ መጣ። ትንሽ ነቅነቅ ብላ ደግማ ሰማችው፤ ከግራ በኩል ነው፣ ከኋለኛው እንጨት አጠገብ፣ እንደገመተችው። ተነሥታ ሄዳ ከአልጋዋ ሥር የጫማ ካርቶን አወጣች። ከላይ የቢሮ ጫማዋ፣ ከሥሩ መዶሻ፣ ፒንሳ፣ ቆልማማ መርፌና አንድ ጥቅል ሲባጎ ነበር።

ላስቲኩን ገፈፈችው። ከሥሩ የወጣው አረንጓዴ ሌላ አረንጓዴ ነበር፤ ቤተሰቡ እስከ ዛሬ ያየው ግራጫ የተቀላቀለበት ቀለም ሁሉ የላስቲኩ እንደነበር ገባት። ሶፋውን ገለበጠችው፤ እግሮቹን ወደ ላይ ሰቅሎ ተንጋለለ። ሆዱን የሸፈነውን ጥቁር ጨርቅ የያዘው የመጀመሪያው ሚስማር ላይ ፒንሳዋን አሳረፈችና መልሳ አነሣችው። ወጥ ቤት ሄዳ ውሃ ጠጣች። ተመልሳ አየችው። እንደገና ሄዳ፣ ያልተጠማችውን ውሃ እንደገና ጠጣች። በገዛ ቤቷ እንደ ሌባ መስኮት ዘጋች፤ ጨለመባትና መልሳ ከፈተች። «የአባቴ ሶፋ ነው፤ እኔም የአባቴ ልጅ ነኝ፤ የምን ባዕድ እጅ ነው?» አለች ጮክ ብላ፣ ሶፋው የተከራከራት ይመስል። ከዚያ ዓይኗን ጨፍና ሳበች። ሚስማሩ ያለ አንዳች ችግር ውልቅ አለ። ምንም አልሆነም። ጣሪያው አልተደረመሰም፤ እናቷም ከመሬት አልፈለቀችም። ሁለተኛውን ስትነቅል እያፏጨች ነበር።

ጨርቁን አንሥታ ሶፋውን ወደ ጎን ስታጋድለው፣ በላስቲኩ ስንጥቅ ሾልኮ የገባው የቤተሰቡ ታሪክ ወለሉ ላይ ዝርግፍ አለ። ሙሽራው ትንሽ ልጅ ሳለ እየበላ የጣለው ኦቾሎኒ፣ ጥርሱ የረገፈ ማበጠሪያ፣ የማን እንደሆነ የማይታወቅ ቁልፍ፣ በመጨረሻም ጠብ ብሎ የቴሌቪዥኑ ሪሞት። ባለባጇ አፏን በእጇ ያዘች። ይህ ሪሞት ከጠፋ ወዲህ ቴሌቪዥኑ የሚከፈተው በጃንጥላ ጫፍ ነው። እናትየው ወንድሟ በኮት ኪሱ ይዞት እንደሄደ ምላ ተገዝታለች፤ አጎትየውም ከዚያን ቀን ጀምሮ ከዚህ ቤት ሲወጣ በሩ ላይ ቆሞ፣ ቃል ሳይናገር፣ ኪሶቹን ሁሉ ገልብጦ ያሳያል። ኪሱ ይገለበጣል፣ እናትየው ወደ ሌላ ትመለከታለች፣ ማንም ምንም አይልም፤ በሩ ይዘጋል። ባለባጇ ሪሞቱን በቀሚሷ ጠራርጋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችውና ወደ ሞላዎቹ ተመለሰች።

እውነትም እሱ ነበር፤ ከኋለኛው እንጨት አጠገብ ያለው ሞላ ሲባጎው ተበጥሶበት ወደ ጎን ጋደል ብሏል። ጎረቤቶቹም ላላ ላላ ብለዋልና አንድ በአንድ አሰረቻቸው፤ መርፌው ይገባል፣ ሲባጎው ይከተላል፣ ቋጠሮው ይጠብቃል። ሰዓቱን ረሳችው፤ እንግዶቹን ረሳቻቸው፤ ጉልበቷን እያመማት መሆኑን ረሳችው። ደስታው ከሆዷ ተነሥቶ ወደ ጉሮሮዋ ሲመጣ የማታውቀው ዘፈን ሆኖ ወጣ፤ ግጥሙ «ሞላዬ፣ ሞላዬ» ከማለት አያልፍም። የበሽታው ምንጭ የሆነው ሞላ ላይ ስትደርስ ግን ሲባጎው አለቀ። ዙሪያዋን አየች። የጫማ ማሰሪያ ቀጭን ነው፣ የመጋረጃ ገመድ ይታወቃል። በሩ ጀርባ ባጇ በሰማያዊ ጥብጣቡ ተንጠልጥሏል፤ ጠንካራ ጥብጣብ ነው፤ ስንት ጊዜ አንገቷን ልጦታል። ብዙም አላሰበችም። ሞላውን ከነባጁ ጥፍር አድርጋ አሰረችውና ፎቶዋን ወደ ውስጥ መለሰች። ከዚያ ሚስማሮቹን አፏ ውስጥ ጨምራ ጥቁሩን ጨርቅ መምታት ጀመረች።

በሩ የተከፈተው በዚህ መሃል ነው። የፀጉር ቤቱ መብራት ስለጠፋ እናትየው ግማሽ ጭንቅላቷ ተሠርቶ፣ ግማሹ ቆሞ፣ አጎትየው ደግሞ ኬኩን እንደ ሕፃን አቅፎ ገቡ። እናትየው ተንጋሎ እግሩን የሰቀለውን ሶፋ አየች። ላስቲኩን አየች። «ምን እያደረግሽ ነው?» አለች በቀስታ፤ ቀስታዋ ደግሞ ከጩኸቷ ያስፈራል። ባለባጇ አፏ ሚስማር ሞልቷል፤ «ም» ከማለት በቀር መልስ አልነበራትም። «ምን እያደረግሽ ነው ነው የምልሽ!» «ም፣ ም» አለችና በመዶሻዋ ወደ ጠረጴዛው ጠቆመች። እናትየው ዞር ስትል ዓይኗ ሪሞቱ ላይ አረፈ። አጎትየውም አየው። አጎትየው ኬኩን አስቀመጠና፣ በዝግታ፣ ጠዋት ሲወጣ ገልብጧቸው የቀሩትን የኮቱን ኪሶች ወደ ውስጥ መለሰ። «በል እሺ፣ ተሳስቻለሁ» አለች እናትየው ግድግዳውን እያየች። በዚያ ቤት ይህ ቃል ሲሰማ የመጀመሪያው ነበር፤ አጎትየው ከድንጋጤው የተነሣ ሳል አመለጠው።

እናትየው ወደ ሶፋው ተመልሳ ቁጣዋን ከቆመበት ልትቀጥል ስትል ስልኩ ጮኸ። ሙሽራው ነው፤ መንገድ ላይ አግኝቷቸው አብሯቸው እየመጣ ነው፤ እታች በር ላይ ናቸው። ቤቱ ቀውጢ ሆነ። አጎትየው በሆዱ ተኝቶ ጨርቁን ወጠረ፤ እናትየው ግማሽ ፀጉሯን በሻሽ እየሸፈነች «እዚህ ጋ! እዚህ ጋ አልመታሽም!» እያለች ታመለክታለች፤ ባለባጇ ሚስማር ከከንፈሯ እያወጣች ጧ፣ ጧ ታደርጋለች። ኦቾሎኒው ምንጣፍ ሥር ገባ፤ ላስቲኩ መታጠቢያ ቤት ተወረወረ። ሶፋው በእግሩ ሲቆም በሩ ተንኳኳ። ባለባጇ አፏ ውስጥ አንድ ሚስማር እንደቀረ የታወቃት እንግዶቹን ጎንበስ ብላ ስትጨብጥ ነው። በእንግዳ ፊት ሚስማር አይተፋም። ጉንጯ ሥር ወሸቀችውና ፈገግ አለች።

አባትየው እንደተባለው ግዙፍ ናቸው፤ እንደተፈራውም ወደ መሃሉ ሄዱ። ጎንበስ ሲሉ አጎትየው ጀመረ፣ ሙሽራው ተቀበለ፣ እናትየው ሻዩን እያስቀመጠች ጨረሰች። ሰውየው ተቀመጡ። ሶፋው ዝም አለ። ባለባጇ ከደስታዋ ብዛት ሚስማሩን ልትውጠው ነበር። ሰውየው ስኳር ለማንሣት ወደ ፊት ዘንበል አሉ፤ ሦስቱም ሳሉ። ወደ ኋላ ደገፍ አሉ፤ ሦስቱም ሳሉ። ሙሽራው የሆነውን ስለማያውቅ ሳሉን የሚያወጣው ከነፍሱ ነው፤ ሌሎቹ ደግሞ ሶፋው ሲሠራ በዓይናቸው አይተዋል፣ ጉሮሯቸው ግን አልሰማም። የልጅቷ እናት ስኒያቸውን አስቀመጡ።

«ይቅርታ» አሉ፤ ድምፃቸው የቤት ሳይሆን የሥራ ድምፅ ሆነ። «ይሄ ሳል ከጀመራችሁ ስንት ጊዜ ሆነ?»

«የቱ ሳል?» አለች እናትየው፤ ባልየው ተመቻችተው ሲቀመጡ ግን አመለጣት።

ሴትየዋ የሠሩት የሳንባ ክሊኒክ ውስጥ ነው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሳል ሲሰሙ ኖረዋል። ማታ ማታ ያልባችኋል ወይ፣ ክብደት ቀንሳችኋል ወይ እያሉ ጠየቁ። አጎትየው ሆዱን ቁልቁል አይቶ «እኔስ ጨምሬያለሁ» አለ፤ ማንም አልሳቀም። ሴትየዋ ተነሥተው መስኮቱን ከፈቱ። የልጃቸውን ስኒ ከሙሽራው ስኒ አራቁ። ከዚያ በጣም በትሕትና፣ የሠርጉ ወሬ ለጊዜው ይቆይ፣ መጀመሪያ ቤተሰቡ ሁሉ ይመርመር አሉ። ሙሽራው አመድ መሰለ። የልጅቷ ዓይኖች እንባ አቀረሩ። እናትየው የምትይዘውን የምትጨብጠውን አጣችና ያላትን የመጨረሻ ክብር አወጣች። «ይቺ ትልቋ ልጄ እንኳ ኢንሹራንስ ቢሮ ነው የምትሠራው፤ በየጊዜው ይመረምሯቸዋል። ባጅሽን አሳዪያቸው እስቲ!»

«እሷስ ለምንድን ነው የማትናገረው?» አሉ ነርሷ ባለባጇን ትክ ብለው እያዩ። «ጉሮሮሽን ያምሻል እንዴ የኔ ልጅ?»

ሁሉም ወደ እሷ ዞሩ። ዝም ማለት ያምርብሻል የተባለችው ሴት ወንድሟን አየች፣ እናቷን አየች። ጠዋት ሁለት ጊዜ ውሃ ያጠጣት ያው ፍርሃት መጣባት። ከዚያ ጣቷን አፏ ውስጥ ከተተችና ሚስማሩን አውጥታ የስኒው ማስቀመጫ ላይ አኖረችው። ቅጭል አለ። የልጅቷ አባት ሻዩ ትን አላቸው፤ ሳል የጀመሩት አሁን እሳቸው ሆኑ።

«ማንም አልታመመም» አለች። «የታመመው ሶፋው ነበር።» አንዴ ከጀመረች ቃሉ እንደ ኦቾሎኒው ዝርግፍ አለ፤ የመሃለኛውን መቀመጫ ድምፅ፣ የቤቱን ሳል፣ የዛሬ ጠዋቱን ልምምድ ሳይቀር ተናገረች። እናትየው በነጠላ ፊቷን ለመሸፈን ብትፈልግ ያገኘችው የኬክ ካርቶኑን ክዳን ነው። «ዛሬ ከፍቼ ሠራሁት። ሲባጎ ቢያልቅብኝ በባጄ ጥብጣብ አሰርኩት። ባጄን ላሳያችሁ አልችልም፤ ጋሼ፣ ተቀምጠውበታል።» ሰውየው ብድግ አሉ። ባለባጇ ወደ እናቷ ዞረች። «እማዬ» አለች፤ ድምፁ አልጠፋባትም። «ሰኞ ቢሮ አልሄድም። ሶፋ ልሠራ ነው የምሄደው። የምወደው እሱን ነው።»

ጸጥታው ከባድ ነበርና አጎትየው እንደ ልማዱ ሸፈነው፤ ሳለ። መጀመሪያ የፈነዱት ነርሷ ናቸው። መስኮቱን ተደግፈው ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ፤ ቀጥሎ ልጃቸው፣ ቀጥሎ ሙሽራው። አባትየው ሶፋው ላይ ሆን ብለው ዘጭ አሉ፤ ዝም። ደግመው ዘጭ አሉ፤ ዝም። «ግን እንዴት ነበር ድምፁ?» ብለው ጠየቁ፤ አጎትየውም በአፉ አሳያቸው፤ በደንብ አድርጎ፣ ሁለት ጊዜ። ከዚያ በኋላ በዚያ ሳሎን ቁም ነገር ማውራት አልተቻለም። ነርሷ እንባቸውን እየጠረጉ፣ እነሱም ቤት አንድ ወንበር እንዳለ፣ እንግዳ ሲቀመጥበት እንዳይገለበጥ ባልየው ከኋላው ቆመው መጽሐፍ የሚያነቡ መስለው እንደሚይዙት ተናዘዙ። «ሰኞ ሥራ እንደገባሽ ይዤልሽ እመጣለሁ» አሏት። የሠርጉ ወሬ ኬኩ ሳያልቅ ተጠናቀቀ።

እናትየው ግን ከዚያች ሰዓት ጀምራ ለልጇ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ኬክ ቆረጠች፣ ሻይ ቀዳች፣ እንግዶቹን ሸኘች፤ አጎትየው በር ላይ ሲደርስ እጁ ወደ ኪሱ ሲሄድ ይዛ አስተወችው። ከዚያ ተመልሳ፣ አባታቸው ከሞተ ወዲህ ተቀምጣበት የማታውቀው መሃለኛው መቀመጫ ላይ ቀስ ብላ አረፈች። ዝም። ትንሽ ተነሥታ ተቀመጠች። ዝም። እጇን አረንጓዴው ጨርቅ ላይ ወዲያና ወዲህ አሸችው። ባለባጇ ስኒ እየሰበሰበች በጎን ታያታለች።

«ስኳር አልቋል» አለች እናትየው በመጨረሻ። «ሱቅ ሂጂ።»

ባለባጇ ስኒዎቹን አስቀምጣ ወደ በሩ ሄደች። እጀታውን እንደያዘች «ቆይ!» የሚል ድምፅ ከኋላዋ መጣ፤ እጇ በልማድ ወደ ባዶ አንገቷ ሄደ። እናትየው ከሶፋው ተነሣች፤ ጎንበስ ብላ ከጠረጴዛው ሥር የቀረውን መዶሻ አነሣችና በሻሿ ጫፍ ጠረገችው።

«ይሄን ይዘሽ ሂጂ» አለች እጇ ላይ እያኖረችላት። «ሰው ይወቅ።»